ሞድላሮይት፦ የመንደሯ ቅርስ ግንቡ ነው ወይስ ጅረቱ?

በጀርመን፣ ባቫሪያና ቱሪንገን የተባሉ ሁለት ክፍለ አገሮች በሚዋሰኑበት ኮረብታማ አገር፣ ሞድላሮይት የምትባል ሃምሳ ያህል ነዋሪ ብቻ ያላት የገበሬዎች መንደር አለች። ታንባኽ የተባለ፣ አንድ ጎልማሳ እግሩን ዘርጋ አድርጎ የሚሻገረው ጅረት መሐል ለመሐል ያልፍባታል። ስለዚህች መንደር የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ጀርመን ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ በተከፈለችበት ዘመን፣ በ1966፣ ምሥራቅ ጀርመን ከገነባችው የኮንክሪት ግንብ ተነሥቶ እዚያው ግንብ ላይ ያበቃል (ዓመቶቹን በሙሉ የማነሣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የአሜሪካ ወታደሮች «ትንሿ በርሊን» የሚል ስም ያወጡላትም በዚሁ ግንብ ምክንያት ነበር።

በጽሑፍ የተደረገውን ይህን ውይይት የከፈትኩት ያን አመለካከት ለመቃወም ነው። ታንባኽ ወሰን የሆነው ጀርመን ሁለት መንግሥት በሆነችበት በ1949 ወይም ድንበሩ በተዘጋበት በ1952 ሳይሆን በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጅረቱ የሁለት ገዢዎች ዳርቻ ሆኖ ሲኖር የመንደሩን ሰው ግን አልለየም። ትምህርት ቤቱና መጠጥ ቤቱ በቱሪንገን በኩል ስለነበሩ የባቫሪያው ገበሬ ልጁን ጠዋት ወዲያ ማዶ ይልካል፣ ማታም ራሱ ተሻግሮ ከጎረቤቱ ጋር ይጠጣል፤ እሑድ ደግሞ የቱሪንገኑ ገበሬ ቤተሰቡን ይዞ በባቫሪያ ምድር ወዳለችው ወደ ቶፐን ቤተ ክርስቲያን ይወርዳል። ስለዚህ የዚች መንደር ትልቁ ቅርስ በወሰን ላይ ተቀምጦ አንድ መንደር ሆኖ የመኖር ልማዷ ነው፤ ግንቡ ያፈረሰውም ይህንኑ ልማድ ነው የሚል አሳብ አቀረብኩ። ጎብኚው ከመንደሯ ሲወጣ ከ1952 እስከ 1989 የቆመውን የ37ቱን ዓመት አጥር ብቻ አስታውሶ የብዙ መቶ ዓመታቱን ጉርብትና ከረሳ ታሪኩን በግማሽ ይዞ ሄደ ማለት ነው። በዚህ የሚስማማም የማይስማማም አሳቡን እንዲሰጥ ጠየቅሁ። የመጡትን መልሶች እንደ ቅደም ተከተላቸው እነሆ።

1ኛው መልስ የመጣው ሆፍ ከተማ አቅራቢያ ከሚኖሩ እህት ነው። አሳቤን ደግፈው፣ ጉዳዩ ታሪክ ሆኖ እንዳላለፈና መንደሯ ዛሬም ሁለት መሆኗን አስረዱ። ከጅረቱ ወዲህ ያሉት ቤቶች በባቫሪያ የቶፐን፣ ወዲያ ያሉት በቱሪንገን የጌፌል አስተዳደር ናቸው፤ ስለዚህ መንደሯ ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት የፖስታ ቁጥር፣ ሁለት የስልክ መነሻ ቁጥርና ሁለት ዓይነት የመኪና ታርጋ አላት። በዓሉም ይለያያል። ጃንዋሪ 6 የሚውለው የጥምቀት በዓላቸው በባቫሪያ ሥራ ሲያዘጋ በቱሪንገን አያዘጋም፤ በኦክቶበር 31 የሚውለው የሉተር ተሐድሶ ቀን ደግሞ በቱሪንገን ሲከበር በባቫሪያ የሥራ ቀን ነው። እኚህ እህት በአንድ የጃንዋሪ 6 ጠዋት በመንደሯ ሲያልፉ ወዲህ ያለው ሽማግሌ ካፖርቱን ለብሶ ከደጁ ቆሞ፣ ወዲያ ያለው ጎረቤቱ ትራክተሩን ሲያስነሣ፣ ሁለቱም በጅረቱ ላይ እጅ ሲነሣሡ አይተዋል። ሲጨርሱም የባቫሪያ አገዛዝ እዚያ ድረስ አራት መቶ ዓመት የቆየ ነው የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመሩ፤ ይህች ዐረፍተ ነገር ኋላ መልስ አስነሥታለች።

2ኛው መልስ አጭርና ቆራጥ ነበር። ጸሐፊው ግንቡ ባይኖር ኖሮ ስለ ሞድላሮይት በአማርኛ የሚጽፍ ቀርቶ በጀርመንኛም የሚጽፍ እንደማይገኝ፣ በጅረት ዳር የተቀመጡ መንደሮች በአውሮፓ እንደ አሸዋ እንደሚበዙ ገልጸው፣ ቅርስ የሚባለው ቦታን ከሌላው ቦታ የሚለየው ነገር ነው አሉ። ጠንካራ ሙግት ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

3ኛው መልስ ታሪክ የሚያስተምሩ የሚመስሉ ሰው የጻፉት እርማት ነው። 1ኛዋን እህት በአክብሮት ጠቅሰው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በዚያ አካባቢ ባቫሪያ የሚባል ገዢ እንዳልነበረ አስረዱ። ከጅረቱ ወዲህ የነበረው ግዛት የባይሮይት መሳፍንት ሲሆን ወዲያ ያለው የሮይስ ቤተ መሳፍንት ነበር። የባይሮይት ግዛት በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1810 ባቫሪያ ያዘው፤ ያን ጊዜም በጅረቱ ዳር አዲስ የወሰን ድንጋዮች ተተከሉ። በድንጋዮቹ በአንደኛው ገጽ የባቫሪያ ንጉሣዊ መንግሥት፣ በሌላው ገጽ የሮይስ መስፍናዊ ግዛት የስም መነሻ ፊደሎች ተቀርጸዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920፣ የሮይስ ምድር ከሌሎች ትናንሽ ግዛቶች ጋር ተዋሕዶ ቱሪንገን ሲሆን የጅረቱ ማዶ ስሙ ተለወጠ እንጂ ወሰኑ ከቦታው አልተነቃነቀም። 1ኛዋ እህት እርማቱን በምስጋና ተቀበሉ።

4ኛው መልስ ረዘም ያለ ነው። የጻፉት በደርግ ዘመን በምሥራቅ ጀርመን የትምህርት ዕድል አግኝተው ላይፕሲግ የተማሩ አባት ናቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሞድላሮይትን አይተዋት እንደማያውቁ፣ ሊያዩዋትም እንደማይችሉ ነገሩን፤ ምክንያቱም ከድንበሩ አምስት ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ምድር የተከለለ ቀጣና ስለነበር የውጭ አገር ተማሪ ይቅርና ምሥራቅ ጀርመናዊው ራሱ ልዩ የይለፍ ወረቀት ሳይዝ አይገባበትም። ከዚያ ወዲህ ያለው ጽሑፋቸው ስለ ተማሩበት አገር መልካምነት ነው፦ ያስጠጓቸው ቤተሰቦች፣ በነፃ ያገኙት ሕክምና፣ እስከ ዛሬ የሚገለገሉበት ሙያ። አንድ ሕዝብ በአንድ ግንብ ብቻ መመዘን የለበትም ብለው ደመደሙ።

በዚህ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። 5ኛው መልስ ቁጣ የተሞላበት ነው፤ ቁጣው ግን ባዶ አልነበረም። ጸሐፊው ነፃ ትምህርት የሰጠ መንግሥት ገበሬን ከርስቱ ስለ መንቀሉ ከተጠያቂነት አይድንም ካሉ በኋላ የ1952ን ነገር ዘረዘሩ። በዚያ ዓመት በሜይ መጨረሻ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ባወጣው ደንብ መሠረት በድንበሩ ርዝመት ሁሉ አሥር ሜትር ስፋት ያለው ምድር እየታረሰና እየተከሰከሰ የሚያልፍ ሰው ዱካ እንዲታይበት ተደረገ፤ ከዚያ ኋላ አምስት መቶ ሜትር፣ ከዚያም ኋላ አምስት ኪሎ ሜትር የቁጥጥር ቀጣና ሆነ። በጁን ወር ደግሞ አይታመኑም የተባሉ ቤተሰቦች ከድንበሩ መንደሮች እንዲነሡ ተደረገ። በጠቅላላው በድንበሩ ላይ ከ8,000 በላይ ሰዎች ተነቅለዋል፤ ለዘመቻው የተሰጠው የምስጢር ስምም «ተባይ» የሚል ነበር። በሞድላሮይትም የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሊያስነሡት ሲመጡ በመስኮት ዘልሎ ጅረቱን ተሻገረ፤ ወፍጮ ቤቱ ኋላ ፈረሰ። ጸሐፊው ይህን ካሉ በኋላ በ4ኛው መልስ የተጻፈውን የባለ ውለታ ምስክርነት እንደማይቀበሉት፣ እንዲያውም እንደሚያሳፍር ተናገሩ። የመጨረሻው ቃል ለአንድ ሽማግሌ የሚገባ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃቸው ግን በውይይቱ ውስጥ ከቀረቡት ሁሉ ከባዱ ነው።

6ኛው መልስ የእኚያ አባት ምላሽ ነው። ቁጣውን በቁጣ አልመለሱም። የተባለውን አንዱንም እንደማይክዱ፣ የመሰከሩት ስለ ሰዎቹ እንጂ ስለ ፖሊሶቹ እንዳልሆነ ጽፈው አንድ ነገር ጨመሩ። አብሯቸው የተማረ አንድ የቱሪንገን ልጅ ነበር፤ ለገና ሌሎቹ ጓደኞቻቸው እየጋበዟቸው ሲወስዷቸው ይህ ልጅ ብቻ ወላጆቹ በተከለለው ቀጣና ስለሚኖሩ አንድም ጊዜ ሊወስዳቸው አልቻለም። በምትኩ እናቱ የጋገረችውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣላቸው ነበር። ግንቡ ምን እንደ ነበር የተማርኩት በዚያ ዳቦ ነው ብለዋል።

7ኛው መልስ ሽማግሌን በአንቱታ እንድናናግር የሚያሳስብ ብቻ ነበር፤ ብዙዎች ደገፉት።

8ኛው መልስ ያለ አንዳች ቅጽል፣ እንደ መሐንዲስ ዘገባ፣ አጥሩ እንዴት እንዳደገ ተረከ። ቱሪንገንን በአፕሪል 1945 የያዙት አሜሪካውያን ነበሩ፤ በጁላይ ግን ቀድሞ በተደረገው ስምምነት መሠረት ለሶቪየት ጦር አስረክበው ወጡ። የሶቪየት ወታደሮች ታንባኽን አልፈው የባቫሪያውንም ግማሽ ያዙ፤ የድሮው ወሰን ተመርምሮ ወደ ማዶ የተመለሱት በ1946 ነው። እንግዲህ ያ የመሳፍንት ወሰን በመጀመሪያ የሁለት ጦር ሠራዊት፣ በ1949 የሁለት መንግሥት ድንበር ሆነ ማለት ነው። ያም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመንደሩ ሰው በመታወቂያ ይተላለፍ ነበር። ከ1952 በኋላ የሳንቃ አጥር ቆመ፤ ቀጥሎ እሾሃማ ሽቦ ተዘረጋ፤ በ1966 ደግሞ ሰባት መቶ ሜትር ርዝመትና ሦስት ሜትር ከሠላሳ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ መንደሯን ለሁለት ከፈለ። በምሥራቅ በኩል ያለ ነዋሪ ወደ ምዕራብ እጁን ማውለብለብም ሆነ ሰላምታ መመለስ ተከለከለ። ወንድም ከወንድሙ ቤት ጭስ ሲወጣ እያየ ቀና ብሎ እንዳያይ ታዘዘ። ግንቡን በመሰላል ዘልሎ ያመለጠ አንድ ሰው በ1973 ነበር፤ ከእርሱ በቀር በዚያ ግንብ ላይ ያለፈ የለም።

እዚህ ላይ ማለት የምፈልገው አለ። አጥሩ የተተከለው አንዳንዴ ከጅረቱ ጥቂት ሜትር ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ነው፤ ስለዚህ በግንቡና በጅረቱ መካከል የቀረችው ቀጭን መሬትም የምሥራቁ ነበረች። ምዕራባዊው ጎብኚ ጅረቱን ቢሻገር ግንቡን ሳይነካ ገና ድንበር ጣሰ ማለት ነበር። ልጆች ኳሳቸው ወዲያ ማዶ ከወደቀ ኳሱ እዚያው ቀረ።

9ኛው መልስ ሞድላሮይት ከእነ ጉዳቷም ዕድለኛ ናት የሚል ነው። ጸሐፊዋ እዚያው ቱሪንገን ውስጥ፣ ሄልድቡርግ አጠገብ የነበረችውን ቢልሙትሃውዘንን አነሡ። ያቺ መንደር ለድንበሩ እጅግ የቀረበች በመሆኗ ነዋሪዎቿ በየተራ እንዲለቁ ተደርጎ ቤቶቿ ፈረሱ፤ በ1978 የመጨረሻው ቤተሰብ ከወጣ በኋላ መንደር የሚባል ነገር አልቀረም። ሞድላሮይት ውስጥም ለጅረቱ የቀረቡ ቤቶች ፈርሰዋል፤ መንደሯ ግን በሕይወት ተርፋለች።

10ኛው መልስ ከጉዳዩ ወጣ አለ፤ ቢሆንም ማንም አልተቆጣም። ጸሐፊው ቱሪንገን የሚለውን ስም ሲያዩ ኢትዮጵያዊው ሊቅ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ትዝ አሏቸው። አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ላይ ከኤርፉርቱ ተወላጅ ከጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 መስፍኑ ኤርንስት ባደረገላቸው ጥሪ ዛሬ ቱሪንገን ውስጥ ወዳለችው ወደ ጎታ መጥተው ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ አስተማሩት፤ ሉዶልፍም ኋላ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አሳተመ። ጸሐፊው የኛ ሰው የሞድላሮይትን አገር ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ በፊት ረግጦታል ብለው በደስታ ጨረሱ።

11ኛው መልስ የ3ኛው ጸሐፊ ነው፤ ይህንንም ደስታ በጥንቃቄ አረሙት። ጎታና ሞድላሮይት ዛሬ በአንድ ክፍለ አገር ይጠቃለሉ እንጂ በ1652 ጎታ የሳክስ መሳፍንት ከተማ ስትሆን የሞድላሮይት ማዶ የሮይስ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ጎታን እንጂ የሮይስን ምድር እንደ ረገጡ የሚናገር ነገር የለም። ካረሙ በኋላ ግን ወደ ዋናው ነገር የመለሰንን ቁም ነገር አስገቡ። ያ አካባቢ በዚያ ዘመን በብዙ ጥቃቅን መሳፍንት የተሸነሸነ ስለነበር እንደ ታንባኽ ያለ ወሰን ብርቅ አልነበረም፤ ገበሬ በአንዱ መስፍን ምድር አድሮ በሌላው ምድር ያርስ ነበር። በ1920 ቱሪንገን ሲመሠረት የውስጦቹ ወሰኖች ጠፉ፤ የቀሩት የዳር ወሰኖች ናቸው፤ ታንባኽም የዳር ሆኖ ተገኘ። የመንደሯ ዕጣ የተወሰነው ማንም ስለ ሶቪየትና ስለ አሜሪካ ባላሰበበት ዘመን ነው።

ይህን አስተያየት 12ኛው መልስ በሌላ ምሳሌ አጠናከረው። ኮቡርግ የተባለው ግዛት ከቱሪንገን ጎረቤቶቹ ጋር ይዋሐድ ወይስ ወደ ባቫሪያ ይሂድ ተብሎ በኖቬምበር 1919 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ አብዛኛው ውሕደቱን እንቢ አለ፤ በ1920 ኮቡርግ ወደ ባቫሪያ ገባ። በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ያ ድምፅ ኮቡርግን በአሜሪካ ቀጣና አስቀመጠው፤ ከጎኑ ያለችው ሄልድቡርግ ግን ቱሪንገን ውስጥ ስለነበረች በሶቪየት ቀጣና ቀረች። በዚህ ውይይት ከተጻፈው ሁሉ እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ይህ ነው።

13ኛው መልስ ከአሜሪካ የመጣ ሲሆን ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆርጅ ቡሽ በፌብሩዋሪ 1983 መንደሯን መጎብኘታቸውንና፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 በርሊን ላይ «የበርሊን ሰው ነኝ» ማለታቸውን ተከትለው ራሳቸውን የሞድላሮይት ሰው ብለው መጥራታቸውን አስታወሰ። 14ኛው መልስ በዚህ ተበሳጨ። ጸሐፊዋ ከምዕራብ የሚመጣው ባለሥልጣንና በአውቶቡስ የሚጫን ጎብኚ ቆሞ የሚያየው ምላሽ መስጠት የተከለከሉ ሰዎችን እንደነበር፣ ፎቶግራፍ የተነሡትም ሳይጠየቁ እንደሆነ በሹል ቃል ጻፉ። 13ኛው ጸሐፊ ደግሞ ጉብኝቱ ባይኖር መንደሯ እንደ ቢልሙትሃውዘን ሳትሰማ ትጠፋ ነበር ብለው መለሱ። ሁለቱም ከአቋማቸው ንቅንቅ አላሉም፤ በእኔ ግምት እውነቱ ወደ 14ኛዋ ያደላል።

15ኛው መልስ ቅርስ ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ሰው ነው፤ የተነሡትም ከግንቡ ፍርስራሽ ነው። በርሊን ላይ ግንቡ ከተከፈተ አንድ ወር ቆይቶ በዲሴምበር 9፣ 1989 በሞድላሮይት የእግረኛ መተላለፊያ ተከፈተ፤ በጁን 17፣ 1990 ደግሞ በኤክስካቫተር ይፈርስ ጀመር። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም፤ በ1953 ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ሠራተኞች በመንግሥት ላይ የተነሡበት ዕለት ነው። ከሰባት መቶው ሜትር አንድ መቶ ያህሉ ብቻ በቦታው ቀርቶ ከመጠበቂያው ማማና ከሽቦው አጥር ጋር ሙዚየም ሆነ። ጸሐፊው ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሙሉው ግንብ ቢጠበቅ ኖሮ አንድ መንደር እንዴት እንደ ተሰነጠቀ በዓይን ይታይ ነበር፤ መቶ ሜትር ግን ማሳያ እንጂ ምስክር አይሆንም አሉ።

16ኛው መልስ ይህን ቃል በቃል ተቃወመ። በመስኮቱ ፊት ኮንክሪት ቆሞበት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ለኛ ጉብኝት ሲባል ሌላ ሃምሳ ዓመት እንዲያየው መጠየቅ ድፍረት ነው፤ የማፍረስ መብት የነበራቸው እነርሱ ብቻ ናቸው፤ መቶ ሜትር መተዋቸውም ትዕግሥታቸውን ያሳያል የሚል ነው። እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

17ኛው መልስ ለምን ሁለቱ ወገኖች በ1990 አልተዋሐዱም ብሎ ጠየቀ። 3ኛው ጸሐፊ ዳግመኛ መጥተው፣ የጀርመን ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጹ ከ50,000 የማይበልጥ ሰው የሚኖርበትን ምድር ሁለት ክፍለ አገሮች በውል እንዲለዋወጡ ስለሚፈቅድ ሕጉ እንዳልከለከለ አስረዱ።

በዚህ ጊዜ እኔ 18ኛውን መልስ ጻፍኩ። ለ2ኛው ጸሐፊ ያልኩት ይህን ነው፦ ሞድላሮይትን ከሌላው የጅረት ዳር መንደር የሚለያት ግንቡ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ግንቡ ምን እንዳጠፋ ለመረዳት አስቀድሞ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ግንቡ ከተነሣ በኋላ ያ የጥንት ወሰን በቦታው ነው፤ የበዓሉ ቀን፣ የፖስታ ቁጥሩ፣ ታርጋው ሁሉ እንደ ጥንቱ ሁለት ነው፤ ሰዎቹ ግን እንደ ጥንቱ ይሻገሩበታል። ወሰኑን ሳያጠፉ መሻገር መቻላቸው አሳቤን ያጸናልኛል እንጂ አያፈርሰውም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ወሰን ድንጋዮቹ ሄዶ ፊደሎቹን ከሁለቱም ገጽ እንዲያነብ፣ ቀጥሎ ወደ ግንቡ እንዲሄድ መከርኩ።

2ኛው ጸሐፊ በ19ኛው መልስ አልተረቱም። ድንጋይ ለማየት ከፍራንክፈርት የሚነዳ የለም፤ ሰውን የሚያመጣው ግንቡ ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን ድንጋዩን አሳዩት ብለው ጻፉ። 1ኛዋ እህት በ20ኛው ተከትለው፣ በመኪና ለሚመጣ ሰው ከ72ኛው አውቶባን በሆፍና በቶፐን መውጫ እንዲወርድ፣ በባቡር ለሚመጣ ደግሞ ሆፍ ጣቢያ እንዲወርድ አመለከቱ።